የጋራ አክሲዮን ቁጠባ በባልንጀሮች መካከል፦ መዋጮንና ትርፍን ለይቶ የመመዝገብ አስፈላጊነት

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" የሚለው ብሂል በዕቁብና በዕድር ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ጥቂት ጓደኛሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ የአክሲዮን ማኅበራትን ድርሻ በጋራ የሚገዙበት አሠራርም የዚሁ ብሂል ሌላ መገለጫ ነው። አሠራሩ በውጭው ዓለም የኢንቨስትመንት ክለብ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ሲሆን፣ በጎረቤት አገር ኬንያ "ቻማ" እየተባሉ የሚጠሩት የቁጠባ ቡድኖችም ከዕለት ተዕለት መደጋገፍ አልፈው በመሬትና በአክሲዮን ግዢ እስከ መሰማራት ደርሰዋል።

የጋራ አክሲዮን ቁጠባ ከዕቁብ ጋር ቢመሳሰልም በአንድ መሠረታዊ ጉዳይ ይለያል። በዕቁብ እያንዳንዱ አባል የሚከፍለውና የሚወስደው ገንዘብ እኩል ሲሆን፣ ዕጣው ለሁሉም ሲደርስ ሒሳቡ ይዘጋል። በአክሲዮን ቁጠባ ግን ገንዘቡ በድርጅቶች ውስጥ ይቆያል፣ ዋጋው ከፍና ዝቅ ይላል፣ አባላትም በተለያየ ጊዜ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በመሆኑም "የእኔ ድርሻ ዛሬ ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ በማንኛውም ቀን መልስ የሚሰጥ መዝገብ ከሌለ ገንዘቡም ወዳጅነቱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

የዘመናዊው የኢንቨስትመንት ክለብ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዘው ከአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ጋር ነው። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1940 ጥቂት ወጣቶች በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ በማዋጣት ክለብ የመሠረቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ መሰል ክለቦች ተባብረው ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ ለአባላቱ ያስተማራቸው መርሆዎች ቀላል ነበሩ። እነዚህም ገበያው ቢወጣም ቢወርድም በየጊዜው እኩል ገንዘብ ማዋል፣ የተገኘውን የትርፍ ድርሻ መልሶ ለግዢ ማዋል፣ በማደግ ላይ ያሉ ድርጅቶችን መምረጥ እንዲሁም ገንዘቡን በተለያዩ የሥራ ዘርፎች መከፋፈል ናቸው።

ይሁንና መርሆውን ማክበር ብቻ በቂ እንዳልሆነ የሚያሳየው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ቢርድስታውን በተባለች አነስተኛ ከተማ በሚገኙ በዕድሜ የገፉ ሴቶች የተቋቋመው ክለብ ታሪክ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በአማካይ 23 ነጥብ 4 በመቶ ዓመታዊ ትርፍ ማግኘቱን በማስታወቁ አባላቱ ዝናን አትርፈው፣ ያሳተሙት መጽሐፍም በብዛት ተሸጦላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን በቺካጎ የሚታተም አንድ መጽሔት የአባላቱ መዋጮ በትርፉ ስሌት ውስጥ መካተቱን አጋለጠ። ከዚያ በኋላ በፕራይስ ዋተርሃውስ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት በተደረገው ማጣራት ትክክለኛው ዓመታዊ ትርፍ 9 ነጥብ 1 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በተመሳሳይ ወቅት የአሜሪካ ገበያ መለኪያ የሆነው ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ 500 ያስገኘው 14 ነጥብ 9 በመቶ ነበር። ሴቶቹ ለዓመታት ከገበያው የበለጡ ሲመስላቸው በእርግጥ ከገበያው በታች ነበሩ።

ስህተቱ በማንኛውም ቡድን ሊደርስ የሚችል ነው። ለምሳሌ በዓመቱ መጀመሪያ 100 ሺህ ብር የነበረው አንድ ቡድን በዓመቱ ውስጥ ከአባላቱ በየወሩ በድምሩ 120 ሺህ ብር ቢሰበስብና በዓመቱ መጨረሻ 225 ሺህ ብር የሚያወጣ ሀብት ቢኖረው፣ ሀብቱ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ይቻላል። ትርፉ ግን 5 ሺህ ብር ብቻ ነው። መዋጮው ዓመቱን ሙሉ በእኩል ክፍያ የገባ በመሆኑ ቡድኑ በአማካይ ይዞት የነበረው ገንዘብ 160 ሺህ ብር ገደማ ስለሚሆን፣ የዓመቱ ትርፍ ከ3 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያላወቀ ቡድን ገንዘቡ በባንክ ቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ ይሻል እንደነበር ሳይገነዘብ ሊቀጥል ይችላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ የቡድኑን ሀብት "አሐድ" በሚባል መለኪያ መከፋፈል ነው። ሥራው ሲጀመር የአንድ አሐድ ዋጋ፣ ለምሳሌ 100 ብር፣ ተብሎ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ አዲስ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት በየወሩ መጨረሻ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና የአክሲዮኖቹ ዋጋ ተደምሮ፣ ዕዳ ካለ ተቀንሶ፣ ለጠቅላላው አሐድ ይካፈላል። የተገኘው ውጤት የዕለቱ የአሐድ ዋጋ ሲሆን፣ አዲስ የሚገባውም ሆነ የሚወጣው አባል የሚስተናገደው በዚሁ ዋጋ ነው።

ለአብነት ያህል 1 ሺህ 200 አሐድ ያለው ቡድን 132 ሺህ ብር የሚያወጣ ሀብት ቢኖረው የአንዱ አሐድ ዋጋ 110 ብር ይሆናል። 11 ሺህ ብር ይዞ የሚገባ አዲስ አባል ሊሰጠው የሚገባው 100 አሐድ ነው። በቸርነት ወይም ባለማወቅ በመነሻው ዋጋ በ100 ብር ተሰልቶ 110 አሐድ ቢሰጠው ግን የአንዱ አሐድ ዋጋ ወደ 109 ብር ከ16 ሳንቲም ይወርዳል፤ ከነባሮቹ አባላትም አንድ ሺህ ብር ገደማ ማንም ሳያስተውለው ወደ አዲሱ ይተላለፋል።

ብዙ ሆኖ መምከርም በራሱ የተሻለ ውሳኔ አያስገኝም። በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት 166 ክለቦችን መርምረው አማካዩ ክለብ ከአጠቃላይ ገበያው ያነሰ ውጤት ማስመዝገቡን፣ ከክለቦቹ 60 በመቶ ያህሉም ከገበያው መለኪያ በታች መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ክለቦቹ አክሲዮን ቶሎ ቶሎ እየገዙና እየሸጡ ወጪ ማብዛታቸውም በጥናቱ ታይቷል።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ቁጠባ የሚሆነው መስክ በመስፋት ላይ ይገኛል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተቋቋመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኖቹን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ ባቀረበበት ወቅት ዝቅተኛው የግዢ መጠን 33 አክሲዮን ወይም 9 ሺህ 900 ብር ነበር። በሽያጩም ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ባለአክሲዮን ሆነዋል።

ዝቅተኛውን መጠን ለብቻው መክፈል የሚከብደው ደመወዝተኛ ከባልደረቦቹ ጋር ለመግዛት ቢያስብ ተገቢ ነው። ሆኖም አክሲዮኑ በአንድ አባል ስም ብቻ ከተመዘገበ በድርጅቱ መዝገብ ባለቤት ሆኖ የሚታወቀው እርሱ ብቻ ነው። ያ አባል ቢሞት ወራሾቹ፣ ትዳሩ ቢፈርስ የትዳር ጓደኛው፣ ዕዳ ቢኖርበት ገንዘብ ጠያቂዎቹ በአክሲዮኑ ላይ መብት ሊያነሱ ይችላሉ። የቀሩት አባላት በእጃቸው የጽሑፍ ውል ከሌለ ገንዘባቸው መሆኑን ማስረዳት ይቸገራሉ። አክሲዮኑ በብዙዎች ስም በጋራ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ በባለአክሲዮኖች ጉባዔ ድምፅ የሚሰጥ አንድ የጋራ ወኪል መሰየም ያስፈልጋል።

ስለሆነም ቡድኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሉን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በውልና ማስረጃ ማረጋገጥ ይጠቅመዋል። በውሉ ውስጥ የአባላት ስም፣ የመዋጮው መጠንና የመክፈያው ቀን፣ አክሲዮን ለመግዛትና ለመሸጥ የሚያስፈልገው ድምፅ፣ የአሐድ ዋጋ የሚሰላበት ዕለት፣ እንዲሁም አባል ሲወጣ ወይም ሲሞት ድርሻው የሚከፈልበት የጊዜ ገደብ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። በገበያ የማይገበያዩ አክሲዮኖች ዋጋ በምን መነሻ እንደሚተመንም አስቀድሞ መወሰን አለበት። የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ መንቀሳቀስ፣ መዝገብ ያዡና ገንዘብ ያዡም የተለያዩ ሰዎች መሆን ይኖርባቸዋል። በዓመት አንድ ጊዜም ሥራ አመራሩ ውስጥ የሌለ አባል መዝገቡን ከባንክ መግለጫና ከአክሲዮን የምስክር ወረቀቶች ጋር ሊያመሳክር ይገባል።

ቡድኑ ከትውውቅ ክበብ ወጥቶ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰበ ማስተዳደር ከጀመረ ጉዳዩ የወዳጆች ቁጠባ መሆኑ ያበቃል፤ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ማግኘትም ግዴታው ይሆናል።

የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች የሆኑ አባላት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 በሚመለከታቸው ላይ የጣለው ግዴታ በጋራ የተያዘ ድርሻንም አይዘልም። በሥራ አጋጣሚ ያገኙትን፣ ለሕዝብ ያልተገለጸ መረጃ ለአክሲዮን ግዢ መጠቀምም የተከለከለ ነው። አንድ አባል የሚሠራበት መሥሪያ ቤት በሚቆጣጠረው ድርጅት ላይ ቡድኑ ሲወስን አባሉ ጥቅሙን አስቀድሞ ገልጾ ከድምፅ መታቀቡ ለራሱም ለባልደረቦቹም ይበጃል።

የጋራ አክሲዮን ቁጠባ በአጭር ጊዜ የሚያበለጽግ መንገድ አይደለም። ከደመወዝ ላይ ጥቂት ቀንሶ በትዕግሥት ለሚጠብቅ ግን የድርጅቶችን ሒሳብ ማንበብ የሚማርበትና ጥሪት የሚያፈራበት ነው። ይህም የሚሆነው የእያንዳንዱ አባል መዋጮ ከትርፉ ተለይቶ በየወሩ ሲመዘገብና መዝገቡ ለሁሉም አባላት ክፍት ሲሆን ነው።