ከአፈር በታች ያለው ሽርክና፦ ዛፎችና የሥር ፈንገሶች በድርቅና በሙቀት ወቅት

በወላይታ ዞን በክረምት የሚተከል ችግኝ እውነተኛው ፈተና የሚገጥመው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ከጥቅምት አንሥቶ የበልግ ዝናብ እስኪገባ ባሉት ወራት የላይኛው አፈር ይደርቃል፤ ፀሐዩም ይበረታል። በልግ ሲዘገይ ወይም ጨርሶ ሲቀር ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ችግኙን ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ በዓይን የማይታይ ነው። እርሱም በሥሮቹ ውስጥና ዙሪያ የሚኖር ፈንገስ ሲሆን፣ የሥርና የፈንገስ ጥምረቱ ማይኮራይዛ ይባላል። ቃሉ የተገኘው «ፈንገስ» እና «ሥር» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው።

ይህ ጥምረት ዛፍን ድርቅ እንዲቋቋም ሊረዳው ይችላል። ይሁን እንጂ ድርቁ ከገባ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። በዝናቡ ወራት አፈሩና ሥሩ የተያዙበት ሁኔታ በበጋ የሚገኘውን ጥቅም ይወስነዋል።

ማይኮራይዛ ምንድን ነው?

ፈንገስ ሲባል አርሶ አደሩ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የስንዴ ዋግን ወይም የቡና ፍሬ በሽታን ነው። የማይኮራይዛ ፈንገሶች ግን ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። ግንኙነቱ መሬት ያለውና በሬ ያለው ሰው ከሚገቡት የእኩል እርሻ ጋር ይመሳሰላል። ዛፉ በቅጠሉ ከሚያዘጋጀው ምግብ ስኳርና ስብ ለፈንገሱ ይሰጣል። ፈንገሱ በበኩሉ ከሥሩ ርቀው በሚዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ፎስፈረስን፣ ዚንክን፣ ናይትሮጅንንና ውኃን ለዛፉ ያቀርባል። ዕፅዋት ካዘጋጁት ምግብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለእነዚህ ፈንገሶች እንደሚሰጡ ይገመታል።

ሽርክናው እጅግ ጥንታዊ ነው። በስኮትላንድ በሚገኝ ዓለት ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ዕፅዋት ከፈንገሶቻቸው ጋር ተጠብቀው ተገኝተዋል። ዛሬም አብዛኞቹ የየብስ ዕፅዋት ይህ ግንኙነት አላቸው።

ዋና ዋናዎቹ የማይኮራይዛ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ሥሩ ሕዋሳት ዘልቆ የሚገባው ነው። ይህ ዓይነት ከመሬት በላይ እንጉዳይ ስለማያበቅል መኖሩ የሚታወቀው ሥሩ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ሁለተኛው ሥሩን ከውጭ እንደ ልብስ የሚሸፍነው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በዛፉ ግርጌ እንጉዳይ ያወጣል። ፓይን የሚጠቀመው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይኖራል።

ተስፋዬ ውበትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ደረቅ ደጋማ ደኖች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። በጥናቱ የሐበሻ ጥድን፣ ዝግባን፣ ወይራንና ጥቁር እንጨትን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር እንደሚኖሩ ተረጋግጧል። ስለዚህ በአገር በቀል ዛፍ ሥር እንጉዳይ አለመታየቱ አፈሩ ፈንገስ የለውም ለማለት አያበቃም።

ድርቅ ሲመጣ ከአፈር በታች ምን ይሆናል?

አፈር ሲደርቅ ውኃው አስቀድሞ ከሰፋፊ ቀዳዳዎች ይወጣል። የቀረው እርጥበት ሥር ሊገባባቸው በማይችሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሸሸጋል። የፈንገሱ ክር ውፍረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አይበልጥም፤ በመሆኑም ሥር ወደማይደርስበት ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ሥር በድርቅ ሲኮማተር በእርሱና በአፈሩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ክሮቹ ይህን ክፍተት ተሻግረው ሥሩን ከአፈሩ ጋር እንዳገናኙት ይቆያሉ።

ክሮቹ በእርግጥ ውኃ ያጓጉዛሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በዱር አጃ ላይ ምልክት የተደረገበትን ውኃ በመከታተል፣ ክሮቹ ሥር ከሌለበት አፈር ውኃ አምጥተው ለተክሉ እንደሚያደርሱ አሳይቷል።

ለወላይታ አርሶ አደር ከውኃው እኩል የሚያሳስበው የፎስፈረስ ጉዳይ ነው። የአካባቢው ቀይና አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል። ንጥረ ነገሩ በአፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በውኃ አማካይነት ስለሆነ፣ አፈሩ ሲደርቅ እንቅስቃሴው ይበልጥ ይገታል። በሥሩ ዙሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ካለቀ በኋላ፣ ሥሩ ለብቻው ተጨማሪ ለማግኘት ይቸገራል። የፈንገሱ ክሮች ግን ብዙ ሴንቲ ሜትር ርቀው በመሄድ ያመጡለታል። ድርቅ ተክልን የሚጎዳው በጥማት ብቻ ሳይሆን በረኃብም ጭምር በመሆኑ፣ ይህ አገልግሎት ከፍተኛ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ጥቅም በአፈሩ በራሱ ላይ የሚታይ ነው። ክሮቹ የአፈር ቅንጣቶችን አያይዘው ጓል እንዲሠሩ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው አፈር የዝናብ ውኃን ያሰርጋል፤ በጎርፍም በቀላሉ አይታጠብም። ተዳፋት ለበዛበት ለዳሞታ ተራራ ዙሪያና ለመሰል አካባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን የተደረገ ማስረጃም አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የዕጣን ዛፍ ችግኞች ውኃ እየቆየ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆኑ መርምሯል። ፈንገስ የነበራቸው ችግኞች ካልነበራቸው የተሻለ አድገዋል፤ በቅጠላቸው ምግብ የማዘጋጀትና ውኃን በቁጠባ የመጠቀም አቅማቸውም ጨምሯል። ዝናብ አንድ ቀን ጥሎ ለሳምንታት በሚጠፋበት የቆላ አካባቢ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ሙቀትና የሽርክናው ወሰን

ፈንገሱ የሚኖረው በዛፉ ምግብ ስለሆነ የዛፉ ችግር የእርሱም ችግር ነው። ድርቅ ሲበረታ ዛፉ ውኃ እንዳያባክን የቅጠል ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ አየር ስለማይገባ ምግብ ማዘጋጀቱ ይቀንሳል፤ ለፈንገሱ የሚላከውም ያንሳል። ድርቁ ከረዘመ ክሮቹ ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድርቅን ችሎ ምቹ ጊዜ የሚጠብቀው የፈንገሱ ዘር፣ ማለትም ስፖሩ ነው።

ሙቀትም የራሱ ጉዳት አለው። ለአብዛኞቹ የሥር ፈንገሶች የሚስማማው የአፈር ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ የክሮቹ እድገት ይዳከማል። በሞቃት አካባቢ ጥላም ሽፋንም የሌለው የመሬት ገጽ በቀትር ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በቅጠልና በገለባ የተሸፈነ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ያለ አፈር ግን ከዚህ በብዙ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ማይኮራይዛ ውኃን አይተካም። በአፈሩ ውስጥ ጥቂት እርጥበት እስካለ ድረስ ዛፉ እርሱን እንዲያገኝ ያግዘዋል፤ ጨርሶ ከደረቀ አፈር ውኃ ሊያመጣለት ግን አይችልም።

ከሁምቦ የሚገኝ ትምህርት

በወላይታ ዞን የሁምቦ ተራራማ መሬቶች ለብዙ ዓመታት በማገዶና በከሰል ምክንያት ተራቁተው ነበር። በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ በተከናወነው ፕሮጀክት፣ ነዋሪዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም አድርገዋል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ስልት የተመዘገበ ሲሆን፣ ማኅበራቱ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተውበታል።

የሥራው ዋና ዘዴ አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ከመሬት በታች ሕይወት ስለነበረው፣ ከብት እንዳይገባ ተከልሎ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ እየተመረጡ ሌሎቹ ተገረዙ። አብዛኛው ደን የተመለሰውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ዘዴ ከሥር ፈንገስ አንጻር ሲታይም ትርጉም አለው። ከጉቶ የሚበቅል ዛፍ አስቀድሞ የተዘረጋ ሥር ስላለው ጥልቅ እርጥበት ያገኛል። ሕይወት ያለው ሥርም ፈንገሱ የሚመገብበት ቤት ነው። ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ችግኝ ግን ሥሩንም ሽርክናውንም በጥቂት ወራት ውስጥ መገንባት ይኖርበታል። ጉቶን ነቅሎ አዲስ ከመትከል በፊት ጉቶው ሕያው መሆኑን መመልከት ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በማሳና በጓሮ ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን ያለ ሕያው ሥር ለረጅም ጊዜ አለመተው ነው። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች፣ ካሳቫ፣ ሙዝና ቡና ፈንገሱን ያስጠጋሉ። ከእነዚህ መካከል ካሳቫ ሥሩ ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ በፈንገሱ ላይ እጅግ ይደገፋል። ጎመንና ጥቅል ጎመን ግን ይህን ሽርክና አይገቡም። በአንድ መሬት ላይ እነርሱን ብቻ እየደጋገሙ ማምረት ፈንገሱን ስለሚያመነምነው፣ ከሌላ ሰብል ጋር ማፈራረቅ ይመከራል።

ሁለተኛው የጥላ ዛፍን መጠበቅ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ማሳዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከዛፎች ጋር ተሰባጥሮ በሚለማ ቡና አፈር ውስጥ ቡና ብቻ ከተተከለበት ይልቅ ብዙ የፈንገስ ስፖር መኖሩን አመልክቷል። በወላይታ ጓሮ ዋንዛና ብሳና ከቡናና ከእንሰት ጋር አብረው የሚቆሙበት ልማድ በዚህም ረገድ የሚደገፍ ነው።

ሦስተኛው አፈሩን ማልበስ ነው። የወደቀ ቅጠልን፣ የበቆሎ አገዳንና ገለባን ከማቃጠል ይልቅ በችግኙ ዙሪያ ማንጠፍ ሙቀቱን ያበርዳል፤ እርጥበቱንም ያቆያል። ሽፋኑ ግንዱን እንዳይነካ ጥቂት ማራቅ ያስፈልጋል። ደጋግሞ ማረስም የፈንገሱን ክሮች ስለሚበጣጥስ፣ በዛፍ ዙሪያ ያለውን አፈር በጥልቀት መቆፈር አይበረታታም።

አራተኛው የማዳበሪያ መጠን ነው። ተክሉ ከማዳበሪያ በቂ ፎስፈረስ ሲያገኝ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ምግብ ይቀንሳል። ይህ ማለት ማዳበሪያ ይቅር ማለት አይደለም፤ ድሀ በሆነ አፈር ላይ በልክ መጠቀም ለሁለቱም ይበጃል። ኮምፖስት ግን አፈሩንም ፈንገሱንም ይደግፋል።

በችግኝ ጣቢያ ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት በሚሞላው አፈር ላይ፣ ተመሳሳይ ዝርያ ካላቸው ጤናማ ዛፎች ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር መቀላቀል ፈንገሱን ወደ ችግኙ ያደርሳል። ፓይን ወደ ተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ሲገባ ችግኞቹ የሚስማማቸውን ፈንገስ የያዘ አፈር እስኪመጣላቸው ድረስ ማደግ ተስኗቸው ነበር። ይሁን እንጂ በሽታ ካለበት ቦታ አፈር መውሰድ በሽታውን ያዛምታል፤ ብዙ መውሰድም ደኑን ያራቁታል።

የከተማ ነዋሪዎችም ድርሻ አላቸው። በሶዶና በሌሎች ከተሞች በግቢና በመንገድ ዳር የሚተከል ዛፍ ዙሪያው እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ከተዘጋ፣ ውኃም አየርም ወደ ሥሩ አይደርስም። ጥቂት ክፍት መሬት መተው፣ በበጋም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ ቀናት አሳልፎ በጥልቀት ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያበረታታል።

ከልክ ያለፈ ተስፋ እንዳይኖር

ዛፎች በፈንገስ ክር እርስ በርስ እንደሚነጋገሩና እንደሚረዳዱ በሰፊው ይነገራል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ደን የታተመ ጥናት ነው። በ2023 የታተመ ግምገማ ግን ከሚነገረው ብዙው በመስክ ማስረጃ በበቂ ሁኔታ እንዳልተደገፈ አሳይቷል። በአንድ ዛፍና በራሱ ፈንገስ መካከል ያለው ልውውጥ ግን በሚገባ የተረጋገጠ ነው።

ጥቅሙም እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ብርታት ይለያያል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ የካቲትን የሚሻገርበት ዕድል የሚሰፋው፣ ሕያው ሥር፣ የለበሰ አፈርና ጥላ አስቀድመው በዝናቡ ወራት ሲዘጋጁለት ነው።