የቮልስዋገን ሞተርና የዘይቱ ነገር



ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ቤት ስትገቡ፣ በግቢው ጥግ በሸራ የተሸፈነች አንዲት ቮልስዋገን ማየታችሁ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሥሯ ካርቶን ተነጥፎ፣ በካርቶኑም ላይ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ ማየትም እንዲሁ። ስለዚህ ነጠብጣብ ብዙ ሰው «አርጅታለች፤ ምን ይደረግ!» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው፣ ሞተሯ ተለውጦ ዘይት ማፍሰስ የጀመረች ቮልስዋገን ብዙ ጊዜ የምታፈስሰው ስላረጀች ሳይሆን የተለያየ ዘመን ዕቃ በአንድነት ስለ ተገጠመባት መሆኑን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን ለይቼ አመለክታለሁ።

ይህችን መኪና ኢንጂነር ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1930ዎቹ ዓመታት እንደ ነደፋት፣ ፋብሪካዋም በ1938 እንደ ተመሠረተ ይታወቃል። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ፤ ሻለቃ ኢቫን ሂርስት የተባለ መኰንንም ከፍርስራሹ መካከል ሥራውን አስጀመረው። በ1948 ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ሌሎች ፋብሪካዎች በየዓመቱ መልክ ሲለዋውጡ፣ ኖርድሆፍ የመኪናዋን መልክ እንዳለ ትቶ ውስጧን ብቻ ቀስ በቀስ ማሻሻልን መረጠ። በዚህም ፈሊጥ በነሐሴ 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ መኪና ወጣች፤ በየካቲት 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የ15 ሚሊዮን ክብረ ወሰን አለፈች፤ በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ የመጨረሻዋ ስትሠራ ቍጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

እንግዲህ መልኳ አንድ ስለ ሆነ ሁሉም ሰው ሞተሯም አንድ ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው ሞተር 1,131 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዞ 25 የፈረስ ጕልበት ነበረው። በ1953 መጨረሻ ወደ 1,192 ሰፍቶ 30 ሆነ፤ በ1960 ልኩ ሳይለወጥ አሠራሩ እንደገና ታድሶ 34 ሆነ። በ1965 ባለ 1300ው፣ በ1966 ባለ 1500ው፣ በ1970 ደግሞ 50 የፈረስ ጕልበት ያለው ባለ 1600ው ተከተለ። እነዚህ ሁሉ ከካምቢዮው ጋራ የሚያያዙት በአራት ቡሎን ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ከነረዳቱ ሆኖ አሮጌውን አውርዶ አዲሱን በግማሽ ቀን ይሰቅለዋል፤ ሞተሩም ይነሣል፤ መኪናዋም ትሄዳለች። ነጠብጣቡ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ትንሽ ነጠብጣብ ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ ይህ ሞተር ራዲያተር እንደሌለው አስታውሱ። የሚበርደው በነፋስና በዘይት ነው፤ የሚይዘውም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ግማሽ ሊትር ቢጐድል የጐደለው ከአምስት እጅ አንዱ ነው። ደግሞም የሚፈስሰው ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ ገብቶ የነካው እንደ ሆነ ዐቀበት ላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ በጋለው የጭስ መውጫ ላይ ቢንጠባጠብ ደግሞ ሽታውና ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የእሳትም ሥጋት አለው።

ዘይት ከሞተር እንዳይወጣ መከልከል በራሱ ረጅም ታሪክ አለው። የሚዞር ብረት ከማይዞር ብረት ውስጥ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ክፍተት ይኖራል፤ ክፍተቱ ከሌለ አይዞርም። የቀድሞ ኢንጂነሮች ይህን በልባድ፣ በገመድ ወይም በብረቱ ላይ በተቀረጸ ጥርስ ለመከላከል ሞከሩ። በጀርመን አገር በቫይንሃይም ከተማ በ1849 የተመሠረተ ፍሮይደንበርግ የሚባል የቆዳ ፋብሪካ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የቆዳ ገበያ ሲወድቅበት ከቆዳ ለመኪና የዘይት መከላከያ መሥራት ጀመረ። በኋላም ዋልተር ሲመር ከሚባል የኦስትሪያ ሰው ስም የተሰየመውን «ሲመርሪንግ» የተባለውን ቀለበት አወጣ፤ ይኸውም ስስ ከንፈሩን በጥቅል ሽቦ እየተጫነ በሚዞረው ብረት ላይ የሚያሳርፍ ነው። ቆዳው በ1930ዎቹ በሰው ሠራሽ ጎማ ተተካ። ዛሬ መካኒኮቻችን ኦይል ሲል የሚሉት የዚሁ ዝርያ ነው።

የቮልስዋገን ሞተር ሁለቱንም ዘመን በአንድ አካል ይዟል። ፍላይዊሉ ባለበት ጫፍ ባለ ከንፈር የጎማ ቀለበት አለ። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ ባለበት በሌላው ጫፍ ግን ምንም ጎማ የለም። የፑሊው አንገት እንደ ቡሎን ጥርስ ተቀርጾበታል፤ ሲዞር ዘይቱን ወደ ውስጥ እየጠመዘዘ ይመልሰዋል። ይህ እንዲሠራ በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ትንፋሽ መውጫ ማግኘት አለበት። መተንፈሻው በጭቃ ወይም በቆሻሻ ከተደፈነ ትንፋሹ ዘይቱን በፑሊው በኩል ይገፋዋል። በዚህ ቦታ ኦይል ሲል ለመለወጥ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው የሌለ ዕቃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አውቃለሁ።

በፍላይዊሉ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በቀድሞው ሞተር ፍላይዊሉ ከክራንክ ሻፍቱ ጋራ ሲገናኝ በመካከል ስስ ጋስኬት ይገባ ነበር፤ በኋለኛው ግን ፍላይዊሉ ውስጡ ተቦርቡሮ ክብ የጎማ ቀለበት ይቀመጥበታል። በ6 ቮልት ዘመን የፍላይዊሉ ጥርስ 109 ነበር፤ በ12 ቮልት ዘመን 130 ሆነ፤ ስፋቱም ጨመረ። ስለዚህ የ6 ቮልት ካምቢዮና ሞተሪኖ ያለው ሰው አዲስ ሞተር ሲገዛ አሮጌውን ፍላይዊል አውልቆ በአዲሱ ላይ ያስገጥማል። ያን ጊዜ ጋስኬቱ ወይም ቀለበቱ የትኛው እንደሚገባው ካልታወቀ ዘይቱ ኦይል ሲሉን ሳይነካ በመካከሉ ይወጣል። የክራንክ ሻፍቱም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ልኩም የሚስተካከለው በሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። ይህ ልክ ሳይጠበቅ የገባ ኦይል ሲል አዲስም ቢሆን ዕድሜ የለውም።

ይህን ሁሉ የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አባቴ በ1955 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የገዟት ባለ 1200 ቮልስዋገን አለቻቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው የተሳፈሩት በቮልስዋገን ስለ ነበር፣ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የእርሳቸውን መኪና ቆሞ ያያት እንደ ነበር ዛሬም ያወሳሉ። አሮጌው ሞተር ሲደክም ባለ 1600 ተገዛና ተሰቀለ። ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኩ ካምቢዮና ሞተር የሚገናኙበትን ቦታ አይቶ «ኦይል ሲል ነው» አለ፤ ተለወጠ። እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ተለወጠ። በመካከሉ ፍሪሲዮኑ ረጥቦ ተበላሸ። አባቴ በዘይቱ ምክንያት መኪናዋን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማቆም ትተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸውና ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

አባቴ ግን ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው። ከመኪናዋ ሥር የሚነጠፈውን ካርቶን አይጥሉትም ነበር፤ ቀን ይጽፉበትና የመኪናዋን ፊትና ኋላ ምልክት አድርገው ያስቀምጡታል። አንድ እሑድ አሥራ አንዱን ካርቶን በተራ ዘርግቼ ባየሁት ጊዜ ነጠብጣቡ ሁልጊዜ ከመካከል ወደ ግራ ያዘነበለ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ አሸተትሁት፤ የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ ስላለው ይለያል፤ ይህ የሞተር ዘይት ነበር። ኦይል ሲሉ ግን ያለው በመካከል ነው። በግራ፣ ከላይ፣ ከፍላይዊሉ አጠገብ ያለው የዘይቱ ማቀዝቀዣ ነው፤ ነፋሱን በሚያከፋፍለው የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆም ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው አያየውም። ከእርሱ የሚወርደው ዘይት በሞተሩ አካል ተንሸራቶ ልክ ኦይል ሲሉ በሚያፈስስበት አካባቢ ይንጠባጠባል።

ሞተሩ ሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ ሽፋኑም ተነሣ። አባቴ ለዕቃ የሚሳሱ ሰው በመሆናቸው የአሮጌውን ሞተር ሽፋንና የዘይት ማቀዝቀዣ በአዲሱ ላይ አስገጥመውት ኖሯል። ማቀዝቀዣው ከሞተሩ አካል ጋራ የሚገናኝባቸው ሁለት የዘይት ቀዳዳዎች በአሮጌው ዕቃ 8 ሚሊ ሜትር፣ በአዲሱ አካል ግን 10 ሚሊ ሜትር ነበሩ። በመካከል የገቡት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች የ8ቱ ናቸው። በአንድ በኩል ይይዛሉ፤ በሌላው በኩል ዘይቱ ሲሞቅና ሲገፋ ይለቃሉ። በአንድ ወገን 8፣ በሌላው ወገን 10 ሆኖ የተሠራ ጎማ እንዳለ አንድ የዕቃ መደብር ሽማግሌ ነገሩን፤ ሁለቱን ገዛን። ዋጋቸው ለሁለት ኦይል ሲልና ለአንድ ፍሪሲዮን ከወጣው ገንዘብ ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። ማቀዝቀዣው በሦስት ዳዶ ታሰረ፤ ሽፋኑም ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ መካኒክ ከመጥራትዎ በፊት ከጄኔሬተሩ ማስቀመጫ ግርጌ በሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ቍጥር ያንብቡ። በ«ዲ» የሚጀምር ባለ 1200 ሲሆን የመጣውም ከ1965 ወዲህ ነው፤ «ኤፍ» ባለ 1300፣ «ኤች» ባለ 1500፣ «ኤዲ» ደግሞ ባለ 1600 ነው። ከዚያ ሽፋኑ፣ ማቀዝቀዣውና ፍላይዊሉ የዚያው ሞተር ወይም የቀድሞው መሆናቸውን ይጠይቁ፤ ለመካኒኩም በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ዕቃም ሲገዙ ጎማውን በጣትዎ ይጫኑት፤ በመደብር ብዙ ዓመት ተቀምጦ የደረቀ ጎማ መልኩ አዲስ ይመስላል እንጂ አይተጣጠፍም።

አሥራ ሁለተኛው ካርቶን ሦስት ሳምንት ተነጥፎ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ፤ አባቴ በእርሱም ላይ ቀን ጻፉበት። ከዚህ በኋላ ሊብሬውን አውጥተው መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ፣ የሞተር ቍጥር በሚለው ቦታ የተጻፈው የአሮጌው ሞተር ቍጥር ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ማለዳ ለማስመዝገብ ሲሄዱ መኪናዋን ራሳቸው ነዱ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ።