የሆስፒታል ባለሙያዎች ምርምር በሀዲያና በከምባታ

የሆስፒታል ባለሙያዎች ምርምር በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች የሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በዕለት ሥራቸው የሚገጥማቸውን ችግር እያነሡ የሚያካሂዱት ጥናት ነው። ዋና የመረጃ ምንጩ የሕሙማን ካርድና የየክፍሉ መዝገብ ሲሆን፣ ቃለ መጠይቅና በሕክምና ላይ ያለን ሰው መከታተልም ይጨመሩበታል። በመሆኑም የጥናቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ተመራማሪው ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት፣ ተረኛዋ ነርስ ካርዱ ላይ በምትጽፈው ነው። በዚህ መጣጥፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተቋማቱ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ቀድሞ የከምባታና ሀዲያ አውራጃ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ዛሬ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም ዋና ከተማው አድርጓታል። የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ስያሜው ከሀዲያ ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ለሆነችው፣ በኋላም በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን በእንደራሴነት አገር ለመራችው ንግሥት መታሰቢያ ነው። ነርሶችንና አዋላጆችን የሚያሠለጥነው የሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም በዚችው ከተማ ይገኛል።

የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ዱራሜ አጠቃላይ ሆስፒታልና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ሾኔ፣ ሺንሺቾና ዶዮገናም ሆስፒታል ያላቸው ከተሞች ናቸው። በአገሪቱ የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። ይህ አደረጃጀት ለምርምርም ትርጉም አለው። ምጥ የጠናባት እናት ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሆሳዕና ሪፈር ስትባል ታሪኳ በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይቀራል። ሆሳዕና ላይ ያለውን ካርድ ብቻ የሚያይ አጥኚ የመዘግየቱን ምክንያት ላያገኘው ይችላል። ከባድ ሕሙማን ተጣርተው የሚደርሱበት ሆስፒታል ውስጥ የተገኘ የሞት መጠንም የአካባቢውን ሕዝብ በሙሉ ይወክላል ማለት አይቻልም።

ታሪካዊ ዳራ

በኢትዮጵያ ሕክምናንና ጥናትን ያጣመረ ሥልጠና ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ እየወጡ ችግሩን አጥንተው እዚያው መፍትሔ እንዲሹ ይሠለጥኑ ነበር። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ መታተሙ ደግሞ ባለሙያዎች ያዩትን ለሙያ ጓደኞቻቸው የሚያደርሱበት መድረክ ፈጠረ።

ለሀዲያና ለከምባታ ቅርቡ የምርምር ማዕከል ቡታጅራ ነበረች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ1986 ጀምሮ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሰው ለረጅም ዓመታት መዝግቧል። በዚያው አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት በተካሄደ የነርቭ ሕመም ጥናት 60,820 ሰዎች ታይተው የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው 5.2 ላይ ተገኝቷል። ሕሙማን ወደ ሆስፒታል ባለመምጣታቸው ብቻ ያልታየ ሸክም በገጠር መኖሩን ያስረዳ ውጤት ነው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ማስተማር ሲጀምር ምርምሩ ወደ ሆሳዕናም ገባ። ተማሪዎች ለመመረቅ ጥናት መሥራት አለባቸው፤ መምህራኑም ለማዕረግ ዕድገት ማሳተም ይጠበቅባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሉ ስም በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ላይ በሚወጡ ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል።

የበደዋቾ ጥናት

በሀዲያ ምድር ተሠርተው ዓለምን ካስተማሩት የሕክምና ጥናቶች ቀዳሚው በበደዋቾ ወረዳ የተካሄደው ነው። ወረዳው በኋላ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሏል፤ ሾኔም የምሥራቁ ክፍል ከተማ ናት። በ1992 ድርቅ ሳቢያ እጅግ የተጎዱ ሕፃናትን ለማከም በዚያን ዘመን የታወቀው ዘዴ በሕክምና መመገቢያ ማዕከል ማስተኛት ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿንና እርሻዋን ትታ ለሳምንታት ማዕከሉ ውስጥ መቆየት ነበረባት። ማዕከላቱ ሊያስተናግዱ የሚችሉት ከተጎዱት ጥቂቶቹን ሲሆን፣ መጨናነቁም ተላላፊ በሽታ ያስከትል ነበር።

ኮንሰርን ወርልድዋይድ የተባለው የእርዳታ ድርጅት በበደዋቾ የሞከረው ሕፃናቱን በተመላላሽነት ማከም ነበር። እናቶች መድኃኒትና ያለማብሰል የሚበላ የለውዝ ቅቤ የመሰለ ገንቢ ምግብ ተቀብለው ልጆቻቸውን ቤታቸው ይመግባሉ፤ በተወሰነ ጊዜ ተመልሰው ክብደት ያስለካሉ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 የታከሙ 170 ሕፃናት መረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረመር 144ቱ (85 በመቶ) አገግመዋል፣ 7ቱ (4 በመቶ) ሞተዋል፣ 11ዱ (6 በመቶ) ወደ ሌላ ሕክምና ተዛውረዋል፣ 8ቱ (5 በመቶ) አቋርጠዋል። ከሕክምናው ለመውጣት የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 42 ቀን ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ የክብደት ጭማሪውም በማዕከል ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት የሚጠበቀውን ያህል ፈጣን አልነበረም። ሆኖም ሕፃናቱ በቤታቸው ሆነው ሊድኑ እንደሚችሉ አሳየ። ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ማስረጃ ካቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ማኅበረሰብ አቀፉን ሕክምና በጋራ መግለጫ ደገፉት። በኢትዮጵያም የተመላላሽ ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ ወረደ፤ ሆስፒታል የሚተኙት ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸውና የምግብ ፍላጎት ያጡ ሕፃናት ሆኑ። ጥናቱን የጻፉት የውጭ ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥሮቹ የተገኙት ግን በችግር ወቅት እንኳ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ግራሙን በጥንቃቄ ከጻፉ እጆች ነው።

የጥናት ዓይነቶችና ርዕሶች

በሆሳዕናና በዱራሜ በብዛት የሚሠራው በአንድ ወቅት ያለውን ሁኔታ የሚለካ ጥናት ነው፤ የስኳር ሕሙማን ስንቱ ስኳራቸውን ተቆጣጥረዋል፣ ነርሶች የነርሲንግ ሂደትን ምን ያህል ይተገብራሉ፣ ስንት ባለሙያ በመርፌ ተወግቷል ለሚሉ ጥያቄዎች ይሆናል። ችግሩ የደረሰባቸውን ካልደረሰባቸው ጋር የሚያነጻጽረው ጥናት ለወሊድ ጊዜ መታፈን ወይም ያለ ቀኑ ለመወለድ ምክንያት ሲፈለግ ይመረጣል። ሦስተኛው ዓይነት ከካርድ ክፍል በወጡ ካርዶች ሕሙማኑን ከገቡበት እስከ ወጡበት ቀን የሚከታተል ነው፤ በቀዶ ሕክምና ቁስል ማመርቀዝ፣ በፀረ ኤች.አይ.ቪ ሕክምናና በጨቅላ ሕፃናት ላይ ይሠራበታል።

የነርሲንግ ምርምር ልዩ ድርሻው የእንክብካቤውን ሥራ ራሱን መመርመሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክብደታቸው አነስተኛ ለሆኑ ጨቅላዎች የካንጋሩ እናት እንክብካቤ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ቢጀመር የሚያመጣው ለውጥ በዕጣ ምደባ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2005 መታተሙ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጨቅላውን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ማያያዝ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ይህን የሚያስጀምሩትና የሚከታተሉት ግን ነርሶች ናቸው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ሆሳዕና ደግሞ ብርዱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያንስ ቅዝቃዜ ደርሶበታል ይባላል፤ የማዋለጃ ክፍሉም ቢያንስ 25 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል። ስለዚህ ጨቅላው ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲደርስ ሙቀቱ ስንት ነበር የሚለው ተራ ጥያቄ ማዋለጃ ክፍሉንም፣ በኮሪደር የተደረገውን ዝውውርም ይመረምራል።

አንድ ጥናት እንዴት ይሠራል

ሥራው በፕሮፖዛል ይጀምራል። የናሙናው ብዛት በቀመር ይሰላል፤ ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የታወቀ መጠን ከሌለ 50 በመቶ ተወስዶ፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስሕተት ገደብ ሲሰላ 384 ይመጣል። መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ ተብሎ 10 በመቶ ሲታከልበት 422 ይሆናል። ከአገሪቱ ሆስፒታሎች በሚወጡ ጥናቶች ውስጥ ይህ ቁጥር ደጋግሞ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው። ቀጥሎ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለሆስፒታሉም የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል። መጠይቁ በሌላ ሆስፒታል በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከታረመ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎች ሠልጥነው ይሰማራሉ።

ቋንቋ፣ ቀንና ሰዓት

በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ፣ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ይተረጎማል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ሐሳቡ መጠበቁ ይረጋገጣል። ጥያቄው ከአካባቢው ኑሮ ጋርም መግጠም አለበት። ስለ ስኳር ሕመምተኛ አመጋገብ ሲጠየቅ ዳቦና ሩዝ ተዘርዝሮ ቆጮ ከተዘለለ፣ ወይም ከቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራው የሀዲያ አተካና ካልተነሣ፣ መልሱ የሰውየውን ገበታ አያሳይም።

ቀንና ሰዓት ሌላው ትልቅ የስሕተት ምንጭ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ተወልዶ ጠዋት 2 ሰዓት ያረፈ ጨቅላ የኖረው 6 ሰዓት ነው። መረጃ አስገቢው አቆጣጠሩን ሳይቀይር 8፡00 እና 2፡00 ብሎ ካስገባው ኮምፒውተሩ ሞቱን ከልደቱ በፊት ያደርገዋል፤ ወይም 18 ሰዓት ይቆጥራል። ጥቅምት 30 ካርዱ ላይ 30/2 ተብሎ ሲጻፍ ሶፍትዌሩ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት አይቀበለውም፤ ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አያውቀውም። ጥንቁቅ አጥኚዎች ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ መዝግበው መለወጡን በኋላ በአንድ ሰው እጅ ያስፈጽማሉ።

ሥነ ምግባር

ተጠያቂው የጥናቱን ምንነት ተረድቶ በፈቃዱ መግባት፣ ሲፈልግም ማቋረጥ ይችላል። ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፉ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፤ ምስክር ባለበት በጣት አሻራ ይፈርማል። ለሕፃን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል። ካርድ ብቻ በሚመረመርበት ጊዜ ስም ወደ ቅጹ አይገለበጥም።

በሆስፒታል ባለሙያ ምርምር ከሁሉ የሚከብደው ጠያቂውና አካሚው አንድ ሰው መሆናቸው ነው። መርፌዋን የምትወጋ ሲስተር “ጥናት ውስጥ ይገባሉ?” ብላ ስትጠይቅ ሕመምተኛው እንቢ ማለቱ እንክብካቤውን የሚያስቀንስበት ሊመስለው ይችላል። ስለሆነም ቃለ መጠይቁን በሕክምናው የሌለ ሰው፣ ሕመምተኛው አገልግሎቱን ጨርሶ ሲወጣ፣ ከሌሎች ራቅ ባለ ቦታ ቢያደርገው ፈቃዱ እውነተኛ ይሆናል። ስለ እርካታ የሚጠየቅበት ጥናት ደግሞ ያለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናን ብቻ ይሰበስባል።

ውስንነቶችና ጥቅም

የነርስ ቀን በተረኛነት የተሞላ ነው፤ ለምርምር የሚተርፈው ሌሊትና የዕረፍት ቀን ነው። የማሳተሚያ ክፍያ ከባለሙያው ደመወዝ ጋር አይመጣጠንም፤ ገንዘብ ብቻ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶችም ጀማሪዎችን ያጠምዳሉ። በአንድ ወቅት የሚለካ ጥናት መንሥኤና ውጤትን ለይቶ ማረጋገጥ አይችልም፤ ያም ሆኖ ተመሳሳይ ጥያቄ በየከተማው በተመሳሳይ ቅጽ ይደገማል። ያልተሟላ ካርድ ከጥናቱ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው የሚወጡት በጥድፊያ የታከሙት፣ ማለትም እጅግ የታመሙት ናቸው። በዚህ ጊዜ ውጤቱ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ውጤቱ ወደ ክፍሉ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ታትሞ የመመረቂያ ሥራው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ካርዱን የሞሉት ነርሶች ምን እንደተገኘ አይሰሙም። ለዚህ ፍቱኑ መንገድ በሆስፒታሎች የጥራት ማሻሻያ ሥራ ውስጥ አለ፤ ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን ማየትና ማስተካከል። የጨቅላዎች ሙቀት ሲገቡ እንደማይለካ ጥናቱ ካሳየ፣ ቴርሞሜትር በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ይደረጋል፣ በቅጹ ላይ ቦታ ይወጣለታል፣ ጉዳዩ በጠዋቱ የባለሙያዎች ስብሰባ (ሞርኒንግ) ይነሣል፤ ከወራት በኋላም ያው ነገር እንደገና ይለካል። በሀዲያና በከምባታ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለቀ መባል ያለበት መጽሔት ላይ ሲወጣ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ልኬት ሲሻሻል ነው። ለዚያም የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር፣ የሠለጠነው ሰው፣ መዝገቡና ጥያቄው፣ በሆስፒታሎቹ ውስጥ ይገኛል፤ የሚጎድለው ለባለሙያው የሚሰጥ ጊዜና ውጤቱን የሚቀበል አመራር ነው።