የሃችባክ መኪና ሱስፔንሽን ማሻሻል በታሪክ ሲታይ፤ የመጀመሪያዪቱ ጎልፍ ጂቲአይ እንደ ምሳሌ

የቆየች ትንሽ መኪና ያለው ሰው «ሱስፔንሽኗን ላሻሽል» ብሎ ሲነሣ፥ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው መኪናዪቱን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግና ሞላዋን ማጠንከር ነው። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣና እስከ ምን ድረስ ትክክል እንደ ሆነ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሃችባክ የሚባለው ዓይነት መኪና ሱስፔንሽን እንዴት ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንደ ያዘ፥ ባለቤቶችም ሲለውጡት ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚያጡ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የቃላቱን ትርጓሜ እንወስን። ሃችባክ የሚባለው የኋላ መስተዋቱና የዕቃ ማስቀመጫው መዝጊያ አንድ ሆኖ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ነው። ሱስፔንሽን ስንል ደግሞ የመኪናውን አካል ከመንኰራኵሮቹ ጋር የሚያገናኙትን ክፍሎች በአንድነት ማለታችን ነው። እነዚህም ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ፥ የሞላውን መወዛወዝ የሚገታው አሞርዛተር፥ መንኰራኵሩንም በቦታው የሚይዙት ክንዶች ናቸው። ባሌስትራና ሞላ የሚሉት ቃላት ወደ አገራችን ጋራዦች የገቡት ከኢጣልያንኛ ነው።

ሦስቱ ሥራዎች፥ ማለት መሸከም፥ መግታትና መምራት፥ ከጥንት ጀምሮ ተለይተው የታወቁ አልነበሩም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮጳ የፈረስ ሠረገላዎች ላይ የዋለው ባሌስትራ ክብደቱን ይሸከማል፤ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ መወዛወዙን ይገታሉ፤ የመንኰራኵሩንም ዘንግ በቦታው ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የወረሱት ይህንኑ ነበር። ለሠረገላ ጉዞ የሚበቃው ነገር ግን ለሞተር ፍጥነት አልበቃም። ባሌስትራው ለምቾት ሲባል ከለሰለሰ ዘንጉ ይዋልላል፤ ዘንጉ እንዳይዋልል ከጠነከረ ተሳፋሪው ይንገላታል።

ይህን ችግር በጥናት ከመረመሩት አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ነው። ኦሊ በሮልስ ሮይስ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በጄኔራል ሞተርስ ሥር በ1930ዎቹ መጀመሪያ የካዲላክን ሱስፔንሽን አጠና። ክብደቶቿን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዛወር በሚቻልባት የመፈተኛ መኪና ያገኘው ውጤት የፊት ሞላ ከኋላው መለስለስ አለበት የሚል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉብታውን አስቀድሞ የሚያገኘው የፊት መንኰራኵር ነው፤ የኋላው ዘግይቶ ይደርሳል። የኋላው ፈጠን ብሎ ቢወዛወዝ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል፤ አካሉም እንደ ጀልባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መዋዠቁን ይተዋል። ካዲላክ በ1934 ያወጣቸው መኪናዎች የፊት መንኰራኵሮቻቸው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ከዚህ ጥናት የሚገኘው ትምህርት የሞላ ጥንካሬ ለየብቻ የሚመረጥ ቍጥር ሳይሆን በፊትና በኋላ መካከል የሚጠበቅ ዝምድና መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የኧርል ማክፈርሰን ነው። ማክፈርሰን ለጄኔራል ሞተርስ ካዴት የተባለች ቀላል መኪና ሲያዘጋጅ ሳለ ዕቅዱ በ1947 ተሰረዘ፤ እርሱም ወደ ፎርድ ሄደ። በ1950 በእንግሊዝ አገር በታዩት ፎርድ ኮንሰልና ፎርድ ዜፊር ላይ የዋለው አሠራር ዛሬም በስሙ ይጠራል። አሠራሩ አሞርዛተሩን ራሱን የመንኰራኵሩ የላይኛው መሪ ማድረግ ነው። ስለዚህ የላይኛው ክንድ አላስፈለገም፤ ዋጋው ቀነሰ፤ ከሁሉም በላይ በሁለቱ የፊት መንኰራኵሮች መካከል ሰፊ ቦታ ተገኘ።

ይህ ቦታ ለትንሽ መኪና ትልቅ ሀብት ሆነ። በ1969 የወጣችው ፊያት 128 ሞተሯን በአግድም አስቀምጣ፥ በፊት መንኰራኵሮቿ እየተጐተተች፥ የማክፈርሰንን አሠራር ከፊት ይዛ ቀረበች። በ1974 ፎልክስቫገን ያወጣት ጎልፍም ይህንኑ መንገድ ተከተለች። የአካሏን ቅርጽ የነደፈው ኢጣልያዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ከኋላ ደግሞ ሁለት ክንዶች በአንድ ተሻጋሪ ብረት ተያይዘውባታል። ብረቱ በመጠኑ የሚጠማዘዝ ስለሆነ አንዱ መንኰራኵር ሲነሣ ሌላው ሙሉ በሙሉ አይከተለውም፤ ሲጠማዘዝም ስለሚቃወም መኪናዪቱ በጥምዝ መንገድ ላይ ብዙ እንዳታዘነብል ይረዳል። አሠራሩ ዝቅ ያለና ቦታ የማይወስድ በመሆኑ ለዕቃ የሚሆን ሰፊ ወለል ተገኘ። ሃችባክን ሃችባክ ያደረጋት ይህ ቍጠባ ነው። በቍጠባው ምክንያት ግን እያንዳንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ሥራ ተሸከመ፤ አንዱን የሚነካ ሰው ሌላውን ሳይነካ አይቀርም።

የጎልፍ ጂቲአይ አመጣጥ ይህን በሚገባ ያሳያል። በመጋቢት 1974 በኩባንያው የሙከራ ክፍል ይሠራ የነበረው አልፎንስ ሎቨንበርግ ፈጣን መኪና እንዲሠራ በጽሑፍ አሳብ አቀረበ። ከተቀበሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ኸርበርት ሹስተር ነበር፤ የማስታወቂያ ክፍሉ ኀላፊ አንቶን ኮንራድም ተባበራቸው። ሥራው በመጀመሪያ የተካሄደው ያለ ኩባንያው ይፋ ትእዛዝ ነው። ለሙከራ ያዘጋጇት መኪና ጩኸቷ የበዛ፥ ሱስፔንሽኗም እጅግ የደረቀ ስለነበረ እንደገና ማለዘብ አስፈለገ። በመስከረም 1975 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ የቀረበችው፥ በ1976ም ለገበያ የወጣችው ጂቲአይ ዝቅ ያለች ነበረች፤ ከፊትም ከኋላም ማዘንበልን የሚቀንስ ዘንግና ሰፋ ያሉ ጎማዎች ነበሯት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፥ ኀይሏ 110 የፈረስ ጕልበት፥ ክብደቷ 810 ኪሎ ግራም ያህል ነበረ። መጀመሪያ የታሰበው 5,000 ብቻ ለመሥራት ነበር፤ የመጀመሪያው ትውልድ እስኪያበቃ ግን 461,690 ተሠሩ።

እንግዲህ ጂቲአይ ራስዋ የተሻሻለች ሃችባክ ናት። ከፋብሪካ የወጣችው መሻሻል ግን ሞላን ብቻ የለወጠ ሳይሆን ሞላን፥ አሞርዛተርን፥ ዘንግንና ጎማን በአንድነት ያስማማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለቤቶች ብዙዎቹ የተከተሉት ዝቅታዋን እንጂ ስምምነቷን አይደለም። በ1982 በኦስትሪያ በቨርተር ሐይቅ ዳር በራይፍኒትስ የተጀመረው የጂቲአይ ወዳጆች ስብሰባ ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ ወደ መሬት ዝቅ ያሉ መኪናዎች መታያ ሆኖ ነበር። መልኩ ያምር ይሆናል፤ ውጤቱ ግን በሒሳብ ሊመረመር ይገባዋል።

ሞላን ሁለት እጥፍ ያጠነከረ ሰው የመወዛወዙን ፍጥነት ሁለት እጥፍ አያደርገውም፤ 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ይጨምራል። የተለመዱ መኪናዎች በአንድ ሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ስለሚወዛወዙ ይህ ጭማሪ ለተሳፋሪው በግልጽ ይሰማዋል። አሞርዛተሩ ግን የቀድሞው ከሆነ የጠነከረውን ሞላ መግታት ያቅተዋል፤ መኪናዪቱ ትዘላለች፤ ጎማውም መሬቱን ይለቅቃል። ሞላውን በመጋዝ መቍረጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ያጠረው ሞላ ይጠነክራል፤ መንኰራኵሩ ወደ ታች ሲወርድም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ዝቅታውም የራሱ ዕዳ አለበት። በማክፈርሰን አሠራር አካሉ ሲወርድ የታችኛው ክንድ ውስጠኛ ጫፍ ይወርዳል፤ ክንዱም ወደ መንኰራኵሩ በኩል ሽቅብ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ አካሉ የሚያዘነብልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ይልቅ ብዙ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ ያለ በቂ ጥንካሬ ዝቅ የተደረገች መኪና ከቀድሞዋ አብልጣ ልታዘነብል ትችላለች። ለመረጋጋት ተብሎ የተደረገው ነገር መረጋጋትን ነሣ ማለት ነው። ዋጋውም የሚከፈለው በእርጥብ ጥምዝ መንገድ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው።

የጀርመን ሕግ ነገሩን በሁለት በኩል ይመለከተዋል። በአንድ በኩል አደጋ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ መኪናውን የመንዳት ፈቃዱን ሊያሳጣው ስለሚችል፥ ሞላ የለወጠ ሰው በዐዋቂ መርማሪ ማስፈተሽ ወይም ለዕቃው የተሰጠውን ማረጋገጫ መያዝ አለበት። በሌላ በኩል ከ1997 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው መኪናዎች የታሪክ ቅርስ ሰሌዳ ሊሰጣቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ መርማሪው የሚጠይቀው መኪናው እንደ ጥንቱ መሆኑን ነው፤ ለውጥ ካለበትም በዘመኑ የተለመደ መሆን አለበት። በ1976 የተሠራች ጂቲአይ ይህን መብት ለመጠየቅ የበቃችው በ2006 ነው።

ለታሪክ ተማሪ ይህ ሁለተኛው ደንብ ልዩ ትርጕም አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባለቤቱ ያስገባው ጠንካራ አሞርዛተር የዚያን ዘመን ሰው ከመኪናው ምን ይፈልግ እንደ ነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ያን አውጥቶ መጣል ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል። በአንጻሩ በዛሬ ገበያ የተገዛ ዕቃ በአሮጌ አካል ላይ ገብቶ «ጥንታዊ ነው» ቢባል ምስክርነቱ ሐሰት ነው። ባለቤቱ ሊለውጥ መብት አለው፤ የለወጠውን ግን መጻፍና የወጣውን ዕቃ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። የቆየች ሃችባክ በቅድሚያ የሚያሻት አዲስ ጥንካሬ ሳይሆን የጠፋባት ጤንነት ነው። የክንዶቹ ላስቲኮች ደርቀው ተሰነጣጥቀው፥ አሞርዛተሮቿ ዘይት እያፈሰሱ ሳለ ሞላ ብቻ የለወጠ ሰው ጥፋቱን ሸፈነ እንጂ አላሻሻለም። ስለዚህ አስቀድሞ ያረጁት በፋብሪካው ልክ ይተኩ፤ ከዚያ መኪናዪቱ ትነዳና ጕድለቷ ይታወቅ። ለውጥ ካስፈለገ ሞላና አሞርዛተር ተመሳክረው በአንድነት ይለወጡ፤ ቀጥሎ የማዘንበል መከላከያው ዘንግ ይታይ፤ በመጨረሻም የመንኰራኵሮቹ አቀማመጥ ይለካ። ኦሊ በመፈተኛ መኪናው፥ እነሎቨንበርግም በሙከራ መኪናቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለውጠው ሞከሩ፥ የበዛውንም ቀነሱ።