ጎልጎታ (ሥዕል)

ጎልጎታ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) በ1963 የሠራው የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ጉዳዩ ስቅለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የለመድነው ስቅለት ግን አይደለም። ዐይናቸው የፈጠጠ ቅዱሳን፣ በጥቁር መስመር የተከበበ ገላ፣ በየስፍራው የተደረደረ ታሪክ አይታይበትም። በስቃይ የተወጠረ አካል አለ፤ ደም የሚመስለው ቀይ ሕመሙን ከፊት ገጽታ ይልቅ አጉልቶ ይናገራል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ውስጥ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ሥራ ጥቂት ነው።

ገብረ ክርስቶስ በሐረር ከቤተ ክርስቲያን ሊቅ ከአለቃ ደስታ ተወለደ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት ትቶ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን ኮሎኝ ሥነ ጥበብ ተማረ፤ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ረቂቅ ሥዕሎቹ ከአገር ትውፊት የራቁ ናቸው ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ፍትሐዊ አልነበረም፤ ጎልጎታን የሣለው ትውፊቱን ከቤቱ የወረሰ ሰው ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ጫናው ከባድ ሆነ። ደርግ ሥነ ጥበብን ለቅስቀሳ ፈለገው፤ ሠራተኛውን፣ ገበሬውንና ወታደሩን በግልጽ የሚያሳይ ሶሻሊስታዊ ሥዕል ሲበረታታ ለረቂቅ ሥዕል መድረኩ ጠበበ። ገብረ ክርስቶስ ተሰደደ፤ በጀርመን በኩል አሜሪካ ገብቶ በኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን ከተማ አረፈ። በ2008 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።