በአንድ ኮሌጅ የተነገሩ ሁለት ግኝቶች

የምሕንድስና ሙያ ካስተማረን ቁም ነገሮች አንዱ፣ መለኪያው በምን እንደ ተስተካከለ ሳይመረምሩ ንባቡን ማመን እንደማይገባ ነው። ይህ ትምህርት በሕክምና ታሪክም ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.) በሴቶች ላይ ከሆርሞን መለዋወጥ ጋር ያለው ግንኙነት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለው የሕፃናት ሐኪም፣ በለንደን ንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅ ባሰማው ተከታታይ ንግግር፣ የማስተዋል ችሎታቸው ሳይጓደል ሐሳባቸውን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍና ስሜታቸውን መግታት ስለ ተሳናቸው ሕፃናት ገለጸ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ ከትንሹ አንጀት የሚመነጭ ንጥረ ነገር በደም ተጉዞ ቆሽትን እንደሚያዝ አረጋገጡ። ስታርሊንግም በ1905 በዚያው ኮሌጅ ባደረገው ንግግር እንዲህ ያለውን መልእክተኛ «ሆርሞን» ሲል ጠራው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች እስኪገናኙ ድረስ መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

ለምን ቢባል፣ ሐኪሞች ዘንድ የሚቀርቡት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ነበሩ። በ1937 ቻርልስ ብራድሌይ በአሜሪካ በቤንዘድሪን መድኃኒት ከሞከራቸው 30 ሕፃናት መካከል 21ዱ ወንዶች ነበሩ። በ1968 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለችግሩ የሰጠው ስም መቅበጥበጥን ብቻ የሚያመለክት ነበር። ስለዚህ በወንበሯ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ሐሳቧ የሚባዝንባት ልጃገረድ ከመለኪያው ውጭ ቀረች። ትኩረት በስያሜው ቀዳሚ ቦታ ያገኘው በ1980 ነው።

በሌላ በኩል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1977 ባወጣው መመሪያ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲገለሉ አደረገ፤ መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው። ወርሃዊውን የሆርሞን መዋዠቅ ብዙ ተመራማሪዎች ውጤት የሚያዛባ እንቅፋት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። መመርመር የነበረበት ግን እርሱ ራሱ ነበር።

በ1929 ተለይቶ የታወቀው የኤስትሮጅን ሆርሞን፣ በአንጎል ውስጥ ትኩረትን የሚያግዘውን የዶፓሚንን ሥራ እንደሚያጠናክር ዛሬ ይታወቃል። ለዚህ ችግር የሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች የሚሠሩትም በዚሁ በዶፓሚን በኩል ነው። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት፣ ከወሊድ በኋላና የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ኤስትሮጅን ይቀንሳል። በእነዚህ ወቅቶች ችግሩ ያለባቸው ብዙ ሴቶች መርሳትና የሐሳብ መበተን እንደሚበረታባቸው፣ የለመዱት የመድኃኒት መጠንም እንደማይበቃቸው ይናገራሉ። በ1918 ሳይሆን ገና በ2018 በ32 ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ የዕለት ተዕለት ክትትል ይህንኑ የሚደግፍ ውጤት አሳየ። በ2023 ደግሞ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ለዘጠኝ ሴቶች ከወር አበባ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አድርገው መሻሻል ማየታቸውን ገለጹ። ቁጥሩ ጥቂት በመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥበትም።

የዚህ መዘግየት ዋጋ የተከፈለው «ዝርክርክ»፣ «ሰነፍ» እየተባሉ በኖሩ፣ ኋላም ይህንኑ ስለ ራሳቸው ባመኑ ሴቶች ነው። እኛም የሥራ ባልደረባችንን እንዲህ ከማለታችን በፊት፣ የምንመዝንበት መለኪያ በማን ልክ እንደ ተሠራ ብንጠይቅ ለሙያችን የሚገባ ጥንቃቄ ይሆናል።