ያገለገለ ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት የመለዋወጫውን ዋጋ ይጠይቁ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እህልን ወደ ገበያ፣ ሰውን ወደ ሕክምና የሚያመላልሱት አይሱዙ፣ ፒካፕ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ናቸው። አርሶ አደሩም ሆነ የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ነዋሪ የዓመታት ቁጠባውን አውጥቶ ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዛ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል፤ መለዋወጫው ስንት ያወጣል? ነገ ልሽጠው ብልስ ስንት ያወጣል?

ዋጋው ለምን አይወርድም?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ሲገቡ በሞተር ይዘታቸውና በዕድሜያቸው ልክ ከፍተኛ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወሰነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ዋጋው ጨመረ። በዚህ ምክንያት አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ የጥገናው ወጪም አብሮ ይንራል።

ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ የተፈታ?

መለዋወጫ በሦስት መልክ ይገኛል። ኦሪጅናሉ የአምራቹ ነው፤ ውድ ቢሆንም ይበረክታል። ኮፒው በሌላ ድርጅት የተሠራ ሲሆን ጥራቱ ይለያያል። ሦስተኛው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንደሚሸጠው ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ነው። መስተዋት፣ በርና መብራት ተፈትቶ የመጣ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። በፍሬንና በመሪ ዕቃ መቆጠብ ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ በተለይ በጉና ዙሪያ ባለው አቀበትና ቁልቁለት።

በሌላው ዓለም የስፖርት መኪና ፈላጊዎች ኦሪጅናል ዕቃው ላልተነካ መኪና ብልጫ ይከፍላሉ። በእኛ አካባቢ ብልጫ የሚያወጣው መለዋወጫውና መካኒኩ በቅርብ የሚገኝለት ተሽከርካሪ ነው። ዕቃው የማይገኝለት መኪና ቢያምርም ገዥ ያጣል።

ከክፍያ በፊት

• ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑንና ባለስትራውን ሻጩ ባልመረጠው መካኒክ ያስፈትሹ።

• የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ደምረው ያስሉ። ለምሳሌ 20 ሺህ ብር ረክሶ የቀረበ ባጃጅ ሞተሩን ለማደስ 30 ሺህ ብር ቢጠይቅ፣ ገዥው በ10 ሺህ ብር ተጎድቷል።

• የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ ቦሎው የታደሰ መሆኑን ይመልከቱ።

• ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ተሽከርካሪው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

• ስም ያዛውሩ፤ ውክልና ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ገዥም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ የመለዋወጫና የጥገና ደረሰኞችንም ያስቀምጡ። እነዚህ ደረሰኞች በመሸጫው ቀን የተሽከርካሪው ምስክር ይሆናሉ።